ስለ ድምፅ፦ እውነት የማይመስል ግን እውነት የሆነ ነገር ያለው ይምጣ!

ጆሮ ጠቢ

ሰላም ለዚህ ቤት። «አስገራሚ እውነታዎች» እየተባለ የሚዘዋወረው ነገር አሰልችቶኛል። ወርቃማ ዓሣ የምታስታውሰው ሦስት ሰከንድ ብቻ ነው፣ ሰጎን ጭንቅላቷን አሸዋ ውስጥ ትቀብራለች፣ ሰው ከአንጎሉ የሚጠቀመው አሥር በመቶውን ነው። ሦስቱም ውሸት ናቸው። ግን ማንም አይጠይቅም፣ ሼር ብቻ!

ስለዚህ በዚህኛው ክር አጥር እናብጅ። የሚገባው ስለ ድምፅ ብቻ ነው። የእንስሳ፣ የሰው፣ የፊልም፣ የፈለጋችሁት። ሁለተኛው ደንብ፦ እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን አታምጡ።

እኔ ልጀምር። ፊልም ሊጀምር ሲል ክብ ውስጥ ሆኖ የሚያገሳውን የሜትሮ ጎልድዊን ሜየር አንበሳ የማያውቅ የለም። ለዓመታት ስንሰማው የኖርነው ያ ግሳት የአንበሳ አይደለም። በ1980ዎቹ ድምፁን እንደ አዲስ የሠራው ማርክ ማንጂኒ የተጠቀመው የታይገር ድምፅ ነው፤ የዚያ ባለ ጥቁር መስመር የእስያ አውሬ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የእውነተኛው አንበሳ ድምፅ ለአርማው በቂ አስፈሪ ሆኖ አልተገኘም። የአራዊት ንጉሥ በፕሌይባክ ነው የሚሠራው ማለት ነው።

የፊልም ሱሰኛ

ኧረ አንበሳው ብቻ መች ሆነ! ራሱ ነጭ የሆነው የአሜሪካ ንስር በፊልም ሲያንዣብብ የምንሰማው ያ ሰማይ የሚሰነጥቅ ጩኸት የጭልፊት ነው። ጭራው ቀላ ያለ የጭልፊት ዝርያ አለ፣ ከሱ የተወሰደ ነው። ንስሩ የራሱን ድምፅ ቢያሰማ ተመልካቹ ይስቃል። ቀጭን፣ ቁርጥ ቁርጥ የሚል፣ የጫጩት ዓይነት ነገር ነው።

በድሮ ፊልሞች ደግሞ የአፍሪካ ጫካ ነው፣ የአማዞን ጫካ ነው እያሉ የሚያሰሙን ያ እንደ ሰው የሚስቅ ነገር አለ አይደል? ኩካቡራ የምትባል ወፍ ናት። የምትኖረው አውስትራሊያ ነው። አፍሪካንም አማዞንንም በዓይኗ አላየች።

የእኔ አንደኛ ግን ጁራሲክ ፓርክ ነው፣ የ1993ቱ። ቬሎሲራፕተር የሚባሉት ዳይኖሰሮች እርስ በርስ ሲጠራሩ የሚያሰሙት ድምፅ ከምን እንደተቀዳ ታውቃላችሁ? ከሚሳረሩ ኤሊዎች። የድምፅ ባለሙያው ጋሪ ራይድስትሮም ራሱ ነው የተናገረው።

ጉድ ፈላ

ኤሊ?! በቃ፣ ያንን ፊልም ከእንግዲህ በቁም ነገር አላየውም።

የፊልም ሱሰኛ

@ጉድ ፈላ ገና ነህ ወንድሜ። እውነተኛው ቬሎሲራፕተር ቁመቱ ከተርኪ ዶሮ እምብዛም አይበልጥም። ላባም ነበረው። በ2007 የወጣ ጥናት የክንድ አጥንቱ ላይ የላባ መትከያ ጉብጉብታዎች አግኝቷል።

ስታር ዋርስ ላይ እየጮሁ የሚያልፉት የጠላት የጦር መንኮራኩሮችስ? ቤን በርት የሠራው ነው። የዝሆን ጩኸት ወስዶ፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ከሚሄድ መኪና ድምፅ ጋር ቀላቀለው። የ1954ቱ የጎድዚላ ጩኸት ደግሞ ሙጫ የተቀባ የቆዳ ጓንት በትልቅ የሙዚቃ ክር ላይ ተፈትጎ የወጣ ነው። አውሬ የሚባል ነገር በአጠገቡም አላለፈ።

ባዮ መምህር

ጆሮ ጠቢ፣ ጥሩ ርዕስ ነው የከፈትከው። አንበሳውን ግን ትንሽ ልከራከርለት። ድምፁ ለፊልም አልመች ይበል እንጂ ቀላል አይደለም። የአንበሳ ግሳት ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሊሰማ ይችላል። ይህን ኃይል የሚያገኘው ከድምፅ አውታሩ ቅርጽ ነው። የእኛ የድምፅ አውታር ጠርዙ ሦስት ማዕዘን ይመስላል። የአንበሳና የታይገር ግን ጠፍጣፋ፣ ወደ አራት ማዕዘን የሚጠጋ ነው፣ ውስጡም ስብ አለበት። ስለዚህ ሳይጎዳ ብዙ አየር ይችላል፤ በትንሽ ግፊትም ትልቅ ድምፅ ያወጣል።

አሁን ወደ አቦሸማኔ እንሂድ። በምድር ላይ በሩጫ የሚቀድመው የለም። ማግሳት ግን አይችልም፤ ጨርሶ። እንደ ቤት ድመት ያንኮራፋል፣ ሚያው ይላል፣ እናት ግልገሎቿን ስትጠራ ደግሞ ወፍ የምትመስል ድምፅ ታሰማለች። ዓይኑን ጨፍኖ የሚሰማ ሰው ዛፍ ላይ ነው የሚያፈጠው።

ኪያ

የዳክዬ ድምፅ የገደል ማሚቶ የለውም ሲባል እሰማለሁ። ሳይንስም ምክንያቱን አላወቀውም ይላሉ። እውነት ነው?

ጥርጣሬ

ውሸት ነው። በ2003 እንግሊዝ አገር፣ ሳልፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ትሬቨር ኮክስ የሚባል የድምፅ ሳይንስ ባለሙያ ዴይዚ የተባለች ዳክዬ ወስዶ ፈተናት። መጀመሪያ ድምፅ በማያስተጋባ ክፍል፣ ቀጥሎ ድምፅ ክፉኛ በሚያስተጋባ ክፍል። ማሚቶው አለ። ብቻ የዳክዬ ድምፅ ሲያልቅ ቀስ እያለ ስለሚሟሽሽ ማሚቶው ከዋናው ድምፅ ጋር ይዋሃድና ጆሮ አይለየውም። ሰው ደግሞ ዳክዬን የሚያገኛት ሜዳና ውሃ ላይ ነው። ገደል በሌለበት ምን ማሚቶ ይመጣል?

ኮስሞስ

ቬነስ ላይ አንድ ቀን ከአንድ ዓመት ይረዝማል። በራሷ ዛቢያ አንዴ ለመዞር 243 የምድር ቀን ይፈጅባታል፤ ፀሐይን ለመዞር ግን 225 ይበቃታል።

ጆሮ ጠቢ

@ኮስሞስ ቆንጆ ናት፣ ግን ድምፅ የላትም። ድምፅ ይዘህ ተመለስ።

ሌሊቱ ነጋ

ከዳክዬ ወደ ዶሮ ልውሰዳችሁ። አውራ ዶሮ የምናውቀው ይመስለናል፣ አናውቀውም።

አንደኛ፣ የሚጮኸው ብርሃን አይቶ ነው ይባላል። በ2013 ጃፓን፣ ናጎያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አውራ ዶሮዎችን ብርሃኑ በማይለዋወጥ፣ ደብዘዝ ባለ ክፍል ውስጥ አቆዩአቸው። ጎህ የለ፣ ፀሐይ የለ። ዶሮዎቹ ግን ሊነጋ ሲል መጮኻቸውን አልተዉም። ሰዓቱ ሰውነታቸው ውስጥ ነው ያለው።

ሁለተኛው የበለጠ ይገርማል። እዚያው ጃፓን ቀጠሉበትና በ2015 ሌላ ነገር አወጡ። አብረው የሚኖሩ አውራ ዶሮዎች ሲጮሁ ተራ አላቸው። መጀመሪያ የሚጮኸው አለቃው ነው፤ ከዚያ ምክትሉ፣ እንዲህ እያለ በደረጃ እስከ ታች ይወርዳል። አለቃው ካልጀመረ የታችኛው ዝም ብሎ ይጠብቃል። አለቃውን ከመሃላቸው ሲያወጡትስ? ሁለተኛው ወዲያው ቦታውን ይዞ ቀድሞ መጮኽ ይጀምራል። የሥልጣን ሽግግሩ አንድ ጠዋት አይፈጅም።

ሦስተኛ፣ ያን ሁሉ ጩኸት ከገዛ አፉ አጠገብ ባለ ጆሮ እንዴት ቻለው? በ2018 የቤልጂየም ተመራማሪዎች ጭንቅላቱ ላይ ትንንሽ ማይክሮፎን አሰሩ። አንዱ ዶሮ ጆሮው አጠገብ ከ140 ዴሲቤል በላይ ተለካ። ያ ለሰው ጆሮ የሚያምም ድምፅ ነው። ዶሮው ግን አፉን በሰፊው ሲከፍት የጆሮው ቀዳዳ ይጠብባል፣ የታምቡሩን ግማሽ ያህልም ለስላሳ ሥጋ ይሸፍነዋል። ጎረቤቱን ይቀሰቅሳል፣ እሱ ጆሮውን ደፍኗል።

ጉድ ፈላ

አለቃ ሆኖ ጆሮ መድፈን ደግሞ ብርቅ ነው እንዴ 😂

ቋንቋ ወዳዷ

ዶሮ ካነሳችሁ አይቀር፦ አንዱ ዶሮ በአማርኛ ኩኩሉ፣ በስፓኒሽ ኪኪሪኪ፣ በፈረንሳይኛ ኮኮሪኮ፣ በጃፓንኛ ኮኬኮኮ፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ ኮክ-አ-ዱድል-ዱ ይላል። እንግሊዞቹ ምን ዓይነት ዶሮ እንደሰሙ እግዜር ይወቀው።

እኔ የመጣሁት ግን ለሌላ ነው። አንዳንድ ቋንቋ እንደ ጥይት ይተኮሳል፣ አንዳንዱ ይንቀረፈፋል እንላለን አይደል? በ2019 የታተመ ጥናት 17 ቋንቋዎችን ወስዶ ለካ። በእርግጥም ጃፓንኛና ስፓኒሽ ተናጋሪ በሰከንድ ብዙ ክፍለ ቃል ያዘንባል፤ ቬትናምኛ ተናጋሪ ደግሞ ረጋ ይላል። ነገር ግን ፈጣኑ ቋንቋ በእያንዳንዱ ክፍለ ቃል የሚጭነው መልእክት ቀላል ነው፣ የዘገምተኛው ከባድ ነው። ሲጣጣ ሁሉም በሰከንድ 39 ቢት (የመረጃ መጠን መለኪያ ነው) አካባቢ ላይ ይገናኛሉ። ስለዚህ በፍጥነት የሚያወራ ሁሉ ብዙ ነገር አወራ ማለት አይደለም። ይህቺን ለሚመለከተው አድርሱልኝ።

ኪያ

የፉጨት ቋንቋ የሚባለውስ? በምልክት መጠራራት ነው ወይስ እውነተኛ ወሬ?

ቋንቋ ወዳዷ

@ኪያ እውነተኛ ወሬ ነው የኔ ቆንጆ። የስፔን ግዛት በሆነችው ላ ጎሜራ ደሴት ላይ ስፓኒሽን በፉጨት ይነጋገሩበታል። ሲልቦ ይሉታል። ገደል ለገደል ሆነው ኪሎ ሜትሮች ተራርቀው ይግባባሉ፣ ዩኔስኮም በ2009 መዝግቦታል። ሰሜን ምሥራቅ ቱርክ ተራሮች ላይ ደግሞ ቱርክኛን የሚያፏጩ አሉ። እዚያ ላይ የተሠራ የ2015 ጥናት ግሩም ነው። ሰው ንግግር ሲሰማ በአብዛኛው የሚሠራው ግራው የአንጎል ክፍል ነው። የፉጨት ቱርክኛ ሲሰሙ ግን ቀኝና ግራው እኩል ሠሩ። ቋንቋው ያው ነው፣ ቃሉ ያው ነው። የተለወጠው ፉጨት መሆኑ ብቻ ነው።

ጅራፉ

የኔ አጭር ናት። «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» ይባል የለ? ጩኸቱ ከምን እንደሚመጣ ስንቶቻችን ጠይቀናል? ጅራፉ ሲወነጨፍ ክብ ጥቅል ይሠራና ያ ጥቅል እየፈጠነ ወደ ጫፍ ይሮጣል። በመጨረሻም ከድምፅ ይቀድማል። ጧ የሚለው የጦር ጄት ድምፅን ሲያልፍ የሚያሰማው ዓይነት ፍንዳታ ነው። የሚገረፍ ሰው ባይኖርም ይጮኻል።

ባዮ መምህር

ፍንዳታ ካላችሁ ባሕር ውስጥ ግቡ። ጣት የምታክል ሽሪምፕ አለች። አንደኛው ክንዷ ከሰውነቷ ጋር የማይመጣጠን ትልቅ መቆንጠጫ ነው። እሱን ስትዘጋው ውሃው በኃይል ይወረወርና ከኋላው የአረፋ ክፍተት ይፈጠራል። ፓ የሚለው መቆንጠጫው ሲጋጭ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። በ2000 በፈጣን ካሜራ ሲታይ ግን የሚጮኸው አረፋው ነው፤ ሲፈርስ። በዓመቱ ደግሞ አረፋው ሲፈርስ ለቅጽበት ብርሃን እንደሚሰጥ ታወቀ። ውስጡ ያለው ሙቀት ከ4,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይደርሳል ተብሎ ይገመታል። የምትመታው ትንሽ ዓሣ ደንዝዛ ትቀራለች።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእነዚህ ሽሪምፖች ጫጫታ በውሃ ውስጥ ማዳመጫ መሣሪያዎች ላይ እያስቸገረ ባሕር ኃይሎችን ራስ ያስመታ ነበር።

የፊልም ሱሰኛ

መምህር፣ አንድ ልጨምርበት። በ2017 ከነዚሁ ዘመዶች አዲስ ዝርያ ተገኘ፣ መቆንጠጫው ደማቅ ሮዝ። ሳይንቲስቶቹ የሮክ ባንዱ የፒንክ ፍሎይድ አድናቂ ስለነበሩ በሳይንሳዊ ስሟ ሲናልፊየስ ፒንክፍሎይዲ አሏት። ፒንክ ደግሞ ሮዝ ነው። የሮክ ኮንሰርትን የሚያስንቅ ጩኸት ስላላት ስሙ ይገባታል።

ኮስሞስ

@ጆሮ ጠቢ ድምፅ ይዤ መጥቻለሁ።

ፐርሲቪራንስ የምትባለው የናሳ ሮቨር በ2021 ማርስ ላይ ስታርፍ ማይክሮፎን ይዛ ነበር። በዚያ የተቀዳው ሲተነተን፣ ማርስ ላይ ድምፅ ሁለት ፍጥነት አለው። ወፍራሙ ድምፅ በሰከንድ 240 ሜትር ገደማ ይሄዳል፣ ቀጭኑ 250 ገደማ። እዚህ ምድር ላይ 340 አካባቢ ነው፣ ቀጭንም ወፍራምም እኩል ይደርሳል። ማርስ ላይ ራቅ ብለህ ሙዚቃ ብትሰማ ዋሽንቱ ከቤዙ ቀድሞ ይመጣል። አየሩ ስስ ነው፣ አብዛኛውም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው እሱ ነው።

ጆሮ ጠቢ

@ኮስሞስ ታርቀናል።

ሌሊቱ ነጋ

ዝሆን እስካሁን በፊልም ብቻ ተነስቶ እንዴት ይቀራል?

ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ኮሺክ የተባለ የእስያ ዝሆን አለ። ኩምቢውን አፉ ውስጥ ከትቶ አምስት የኮሪያ ቃላት ይናገራል። «ሰላም»፣ «ተቀመጥ»፣ «ተኛ»፣ «ጥሩ»፣ «አይደለም»። ጥናቱ በ2012 ወጣ። ኮሪያውያን ቀረጻውን ሰምተው እንዲጽፉ ሲደረግ ቃላቱን ለዩ። ትርጉሙን አውቆ ነው እንዳይባል «ተቀመጥ» ሲል ሰው እንዲቀመጥለት አይጠብቅም። ተመራማሪዎቹ ያቀረቡት ምክንያት ያሳዝናል። ልጅ ሳለ ለዓመታት ሌላ ዝሆን አጠገቡ አልነበረም፤ የሚቀርበው ሰው ብቻ ነበር።

ወደ ኬንያ እንምጣ። አምቦሴሊ ላይ በ2014 የታተመው ጥናት እንዲህ ነው። «ያንን እዩ፣ የዝሆን መንጋ እየመጣ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ማሳዮችና ካምባዎች በየቋንቋቸው ተናገሩትና ተቀዳ። ለዝሆኖች በድምፅ ማጉያ ተለቀቀ። የማሳይ ወንድ ድምፅ ሲሰሙ ዝሆኖቹ ይሰባሰባሉ፣ ኩምቢ አንስተው ያሸታሉ፣ ያፈገፍጋሉ። ማሳይና ዝሆን በግጦሽና በውሃ ይጋጫሉ፣ ጦር ይወረወራል። የካምባ ወንድ ሲናገር ግን ያን ያህል አይደነግጡም። የማሳይ ሴቶችና ሕፃናት ድምፅም እንደዚያው። ዝሆን ቋንቋ ለይቶ፣ ጾታ ለይቶ፣ ዕድሜ ለይቶ ነው የሚሸሸው።

በ2024 ደግሞ ስም እንዳላቸው ተጻፈ። ያን የሚያጉረመርም ጥልቅ ድምፃቸውን፣ 469 ቀረጻ፣ በኮምፒውተር ሞዴል ሲያዩት ለማን እንደተነገረ መገመት ተቻለ። ቀረጻውን መልሰው ለ17 ዝሆኖች ሲያሰሙ፣ ለራሳቸው የተነገረውን ሲሰሙ ቶሎ ወደ ድምፁ ይቀርባሉ፣ ይመልሳሉም። ለሌላ የተነገረ ከሆነ እምብዛም አይገዳቸውም። ዶልፊንም ጓደኛውን ይጠራል፣ ግን የጓደኛውን የራሱን ፉጨት አስመስሎ ነው። ዝሆኖቹ ማስመሰሉን የተዉት ይመስላል። ልክ እንደኛ ስም አውጥተው ነው።

ጥርጣሬ

ቆይ ቆይ። ሞዴሉ ስንቱን በትክክል ገመተ? እሱን ዘለልከው።

ሌሊቱ ነጋ

27.5 በመቶውን።

ጥርጣሬ

ከአራቱ አንዱን ማለት ነው። ይሄ እኮ ስም አላቸው ለማለት አይበቃም።

ባዮ መምህር

ጥርጣሬ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፣ ግን ከምን ጋር እንደሚነጻጸር እይ። ሞዴሉ ትርጉም የለሽ ዳታ ሲሰጠው ያገኘው 8 በመቶ ብቻ ነበር። ሰውም ቢሆን በየንግግሩ የጓደኛውን ስም አይጠራም፤ «ና»፣ «ተው»፣ «እሺ» ነው የሚበዛው። እኔ የሚጎድለው የምለው ሌላ ነው። ከድምፁ ውስጥ ስሙ የቱ ጋ እንዳለ ቆርጠው ማውጣት አልቻሉም። እሱ እስኪሆን «ስም» የሚለውን በጥንቃቄ ብንይዘው አይከፋም።

ማር እሸት

ዘግይቼ ነው የመጣሁት፣ ግን ይህቺ ሳትነሳ ክሩ መዘጋት የለበትም። ማር መሪዋ ወፍ።

በአፍሪካ ያለች ግራጫ፣ ከድንቢጥ ከፍ የምትል ተራ ወፍ ናት። የንብ ጎጆ የት እንዳለ ታውቃለች። ግን ንቦቹን አትችላቸውም፣ ግንዱንም መፍለጥ አይሆንላትም። ሰው ደግሞ እሳትና መጥረቢያ አለው፣ ጎጆው የት እንዳለ ግን አያውቅም። ስለዚህ ሰው ስታገኝ እየጮኸች ከዛፍ ዛፍ ትመራዋለች። ሰው ማሩን ይወስዳል፣ እሷ ሰሙን ትበላለች። ሰም መፍጨት ከሚችሉ ጥቂት ወፎች አንዷ ናት።

እስካሁን ያለው የታወቀ ነው። ሞዛምቢክ ኒያሳ ውስጥ ያሉ የያዎ ማር ቆራጮች ወፏን የሚጠሩበት የተለየ ድምፅ አላቸው፤ ምላስ አንቀጥቅጠው «ብርርር» ይሉና «ህም» ብለው ይዘጉታል። ክሌር ስፖቲስዉድ የምትመራው ቡድን በ2016 ፈተነው። ሌላ ድምፅ እያሰሙ ሲሄዱ ማር የማግኘት ዕድላቸው 16 በመቶ ነበር። በ«ብርርር-ህም» ወደ 54 በመቶ ዘለለ።

ታንዛኒያ ያሉት ሃድዛዎች ግን «ብርርር» አያውቁም። እነሱ የሚጠሩት በዜማ ፉጨት ነው። በ2023 ተመራማሪዎቹ ድምፁን አቀያየሩት። የታንዛኒያዋ ወፍ የሃድዛን ፉጨት ስትሰማ ለመምራት የመምጣት ዕድሏ የያዎን ጥሪ ከምትሰማበት ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። የሞዛምቢኳ ደግሞ ለያዎ ጥሪ ለሃድዛው ፉጨት ከምትመልሰው ሁለት እጥፍ ያህል መለሰች። ወፏ የአገሯን ሰው ቋንቋ ለምዳለች ማለት ነው።

ኪያ

እናቷ ትሆናለቻ ያስተማረቻት።

ማር እሸት

@ኪያ እናቷን አታውቃትም! እናትየው እንቁላሏን ሌላ ወፍ ጎጆ ውስጥ ጥላ ነው የምትሄደው፣ ብዙ ጊዜ ንብ የሚበላ ወፍ ጋ። ጫጩቷ ገና ዓይኗ ሳይከፈት ምንቃሯ ጫፍ ላይ እንደ መንጠቆ ያለ ስለት አላት። በሱ የባለቤቶቹን ጫጩቶች ወግታ ትገድላለች። ስታድግ አሳዳጊዎቿ ስለ ማርም ስለ ሰውም የሚያስተምሯት ነገር የለም።

ጥርጣሬ

ታዲያ የሰፈሯን ጥሪ ከማን ተማረችው?

ማር እሸት

ከሰዎቹ። ተመራማሪዎቹ የሚያዘነብሉት ወደዚያ ነው። ወደ ሰው የመጠጋት ነገር አብሯት ሊወለድ ይችላል፤ የቱ ጥሪ ማር እንደሚያስገኝ ግን እየተከተለች፣ ሰም እያገኘች የምትለምደው ይመስላል። ሰዎቹም ጥሪውን አይለውጡም። ያዎዎቹ ሲጠየቁ ከአባቶቻችን የወረስነው ነው፣ ሌላ ድምፅ ካወጣን ወፏ አትመጣም ነው የሚሉት። እሷ ባለችው ጥሪ ሰው ይጸናል፣ ሰው በጸናበት ጥሪ አዲሷ ወፍ ትማራለች። ሃድዛዎቹ ያፏጫሉ፣ ያዎዎቹ «ብርርር-ህም» ይላሉ፣ በየፊናቸው ማራቸውን ይቆርጣሉ።